ከእሹሩሩ እስከ በገና፦ የሰው የሙዚቃ ምርጫ ከዕድሜው ጋር ለምን ይለወጣል?

በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ትውልድ በሚኖርበት የገጠር ቤት፣ ከብቱ ገብቶ እራት እስኪቀርብ ባለው ሰዓት የሚነሣ የቆየ ክርክር አለ። አያት ሬዲዮኑ እንዲከፈት ይፈልጋሉ፤ ክራርና ዋሽንት የሚሰማበት ዝግጅት እንዳያመልጣቸው ነው። አባት በጎረምሳነቱ በካሴት ይሰማቸው የነበሩትን ዘፈኖች ከተማ ወርዶ በሚሞሪ ካርድ አስጭኗል፤ እነዚያው ይበቁኛል ባይ ነው። የዐሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ ደግሞ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል። አያት የዛሬ ዘፈን ጩኸት ብቻ እንደሆነ፣ ግጥሙ እንኳ እንደማይለይ ይናገራሉ። እርሳቸውም በልጁ ዕድሜ ሳሉ ከአባታቸው ተመሳሳይ ወቀሳ ሳይሰሙ አልቀሩም።

ይህ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የባሕል መላላት ወይም የልጆች አለመታዘዝ ተደርጎ ይወሰዳል። ይሁን እንጂ አያት፣ አባትና ልጅ የሚለያዩት በጠባይ ብቻ አይደለም። ሰው የሚወደው ዜማ ከጆሮው፣ ከአእምሮው፣ ከሚሠራው ሥራና አብሮት ከሚውለው ሰው ጋር አብሮ ይለዋወጣል። ከእነዚህ ሁሉ የገጠሩን ነዋሪ በይበልጥ የሚመለከተው ሥራው ነው። በገጠር ለረጅም ዘመን እያንዳንዱ የዕድሜ እርከን የራሱ ሥራ፣ ብዙው ሥራም የራሱ ዜማ ነበረው። ዛሬ ሥራው ሲለወጥ ዜማው ተረካቢ እያጣ ነው።

ዜማ ወደ ሰው የሚገባው ከቃል ቀድሞ ነው። ሕፃን በእናቱ ማኅፀን ሳለ፣ ከስድስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ድምፅ ይሰማል። ከተወለደ በኋላ የመጀመሪያው ሙዚቃው እሹሩሩ ነው። እሹሩሩ ዝግ ያለ፣ ጥቂት ድምፆችን የሚደጋግም ዜማ ሲሆን፣ ሕፃኑ በአንቀልባ ታዝሎ ከእናቱ ወይም ከታላቅ እኅቱ ርምጃ ጋር እየተወዛወዘ ስለሚሰማው ምቱ ከጆሮው አልፎ በአካሉም ይደርሰዋል። በአማርኛ ተናጋሪው አካባቢ የሚያድግ ልጅ የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልንና የአንቺ ሆዬን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ስማቸውን ሳያውቅ የሚለምዳቸው በዚህ ዓይነት ነው። ሰው አድጎ የባዕድ አገር ዜማ ሲሰማ «የእኛ አይደለም» የሚያሰኘው ስሜት መሠረቱ የሚጣለው እዚህ ላይ ነው።

ልጁ አፉን ሲፈታና እግሩ ሲጠና ዜማ የሚያድለው የዘመን መቁጠሪያው ይሆናል። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲደርስ ወንዶች ልጆች መሬቱን በዱላቸው እየመቱ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ሙልሙላቸውን ይቀበላሉ። ነሐሴ 16 ቀን በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ተብሎ የሚጠራው የልጃገረዶች ጨዋታ ይጀመራል። በእንቁጣጣሽ ደግሞ ተራው የአበባየሆሽ ነው። በሁሉም አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ልጆች በዚህ ጨዋታ ዘፈኑን ይማራሉ፤ ከዘፈኑም ጋር መቼ ዝም እንደሚባል፣ መቼ እንደሚገባ፣ የቤቱ ባለቤት ስም በግጥሙ ውስጥ እንዴት እንደሚሰካ ይማራሉ።

ከዚያ አንድ ዓመት ይመጣል፤ ባለፈው ቡሄ ዱላ ይዞ ሲያወጣ የነበረው ልጅ በዚህኛው አልሄድም ይላል። የከለከለው ሰው የለም። ድምፁ መጎርነን ጀምሯል፣ አብረውት የሚጨፍሩትም ታናናሾቹ ሆነዋል፤ ዜማው ያው ሆኖ ሳለ «የልጅ» ሆኖበታል። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ የመጀመሪያው የሙዚቃ ምርጫ ለውጥ ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ሐፍረት ይጀምራል።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዐሥር ያህል ዓመታት በሰው የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም የከበዱ ናቸው። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ሞሪስ ሆልብሩክና ሮበርት ሺንድለር በ1989 እ.ኤ.አ ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 86 ዓመት ለሆነ 108 ሰዎች በተለያዩ ዘመናት ገናና የነበሩ 28 ዘፈኖችን አሰምተው የትኛውን ምን ያህል እንደሚወዱ ጠየቁ። ሰዎቹ በአማካይ አብልጠው የወደዱት ዕድሜያቸው 24 ዓመት ገደማ ሳለ ገናና የነበሩትን ዘፈኖች ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ የተካሄደው በአሜሪካ ነው፤ የጎጃምን ገበሬም ሆነ የደሴን ነጋዴ አልጠየቀም። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይገባም። ሆኖም ሐሳቡን የሚደግፍ ሌላ ማስረጃ አለ። የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ባለሙያዎች በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለ ሕይወታቸው ሲጠየቁ ከዐሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነውን ከሌላው ዘመን አብልጠው እንደሚያስታውሱ ደጋግመው አሳይተዋል።

ምክንያቱን ለገበሬ ማስረዳት አይከብድም። በረጠበ መሬት ላይ የወደቀ ዘርና በደረቀ መሬት ላይ የወደቀ ዘር እኩል አይበቅሉም። በጎረምሳነትና በኮረዳነት ዘመን አእምሮ ስሜትን የሚቀበለው በርትቶ ነው፤ የመጀመሪያው ፍቅር፣ ከቤት ርቆ መማር፣ ውትድርና፣ ሠርግ፣ የመጀመሪያው የራስ እርሻ የሚደርሱትም በዚሁ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ በአካባቢው ይሰማ የነበረው ዘፈን ከነገሩ ጋር አብሮ ይሰፋል። ሰውየው ከአርባ ዓመት በኋላ ያንኑ ዘፈን ሲሰማ የጥምቀቱ ሜዳ፣ የተወረወረው ሎሚ፣ ዛሬ በሕይወት የሌለ ጓደኛው ሳቅ አብረው ይመጡበታል። አያት የሚሟገቱትም ለዘፈኑ ብቻ ብለው አይደለም።

ስሌቱን በአማርኛ ሙዚቃ ላይ መሞከር ይቻላል። በ1942 ዓ.ም የተወለደ ሰው ዕድሜው ከ15 እስከ 25 ዓመት የነበረው ከ1957 እስከ 1967 ዓ.ም ነው፤ የጥላሁን ገሠሠና የማሕሙድ አሕመድ ድምፅ በሬዲዮና በሸክላ የገነነበት፣ የካሳ ተሰማ ክራር የሚደመጥበት ዘመን። በ1967 ዓ.ም የተወለደው ደግሞ ከ1982 እስከ 1992 ዓ.ም የካሴት ልጅ ነበር። አስቴር አወቀን፣ ኤፍሬም ታምሩን፣ ነዋይ ደበበን የሰማው በቴፕ ነው። ክሩ ሲጠላለፍ በእስክሪብቶ አዙሮ መልሷል፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ እንደገና አስጩኾታል። በ1987 ዓ.ም የተወለደው ወጣት ከ2002 ዓ.ም በኋላ ያደገው በገበያ ቀን ጥቂት ብር ከፍሎ ሚሞሪ ካርድ እያስጫነ ነው። ሦስቱም «የእኛ ዘመን ዘፈን» ይላሉ፤ ሦስቱም እውነታቸውን ነው።

ይህን ያለ ጥናት የሚያውቅ ባለሙያ አዝማሪ ነው። በጎንደር ወይም በባሕር ዳር በአዝማሪ ቤት መሰንቆውን ይዞ በእንግዶች መካከል የሚዘዋወር አዝማሪ ከመዝፈኑ አስቀድሞ ፊትና ልብስ ያያል። ጋቢ ደርበው ጥግ የያዙ አባት ዘንድ ሲደርስ ምቱን ዝግ አድርጎ በትዝታ ይጀምራል፤ አሊያም ወደ ፉከራ ይገባል። ወጣቶቹ ዘንድ ሲደርስ ምቱ ይፈጥናል፣ እስክስታው ይከተላል። ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ መኖሩን ካወቀ የትውልድ ቀዬውን ስም በግጥም ያነሣለታል። ግምቱን ከሳተ ሽልማቱን ያጣል። በአንዲት የፈረስ ጭራ አውታር ሦስት ትውልድ ማስተናገድ የተቻለው እንዲህ ባለ ንቁ ዓይን ነው።

አዝማሪ ግን እንግዳ ነው፤ መጥቶ ይሄዳል። የገጠሩ ሰው ከዕድሜ ወደ ዕድሜ ሲሻገር ዜማውን የሚቀበለው በዋናነት ከሥራው ነበር። እረኛው ከሸምበቆ ዋሽንት ቆርጦ ይነፋል። ከብቱ ሲሰማራ ሰዓቱ ረጅም፣ ሰሚው ሩቅ ስለሆነ ዜማውም የብቸኛ ሰው ዜማ ነው። እረኝነቱን ለታናሹ አስረክቦ በሬ መጥመድ ሲጀምር ዋሽንቱን ይተዋል። አሁን የሚጠብቀው የአውድማ ዜማ ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የውቂያ ወራት በሬዎቹ ነዶው ላይ ሲዞሩ ነጂዎቹ ከኋላ ሆነው እየተቀባበሉ ያዜማሉ። በሬው በስሙ ይጠራል፣ በቀለሙና በቀንዱ ይሞገሳል፤ አርሶ ያመረተውን መልሶ የሚወቃው እርሱ ነውና። ዜማው ከበሬው ርምጃ አይፈጥንም። ወጣቱ በአውድማው ዙሪያ በተቀባይነት ይጀምርና ከዓመታት በኋላ አውጪ ይሆናል። በደቦና በወንፈል አጨዳም እንዲሁ ነው፤ ማውጣት የሚችል ሰው ከሁለት አጫጆች ይልቅ ይፈለግ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሴቶቹ መንገድ ከዚህ ይለያል። የሞተር ወፍጮ እስኪገባ ድረስ ሴቶች በሌሊት ተነሥተው እህሉን በድንጋይ ይፈጩ ነበር። በዚያ ሰዓት ሌላው ሰው ተኝቷል። መጁ ወደፊትና ወደኋላ ሲል ከምቱ ጋር የሚወጣው እንጉርጉሮ በቀን የማይነገረውን ይናገራል፦ ያለፍላጎት መዳርን፣ የአማትን ፊት፣ የራቀውን የእናት ቤት፣ የሞተውን ልጅ። በሻደይ ወይም በአሸንድዬ ስትጨፍር የነበረች ልጃገረድ ከተዳረች በኋላ ይህን ዜማ የምትማረው ማንም ሳያስተምራት ነው። ልጅ ሳለች ከእንቅልፏ እየነቃች ከእናቷ ትሰማው ነበር፤ ያን ጊዜ አትወደውም። የገባት ራሷ መጁን ስትይዝ ነው።

የሞተር ወፍጮ መምጣቱን የሚያማርር ሴት የለም፤ ሊኖርም አይገባም። የወገብ ሕመምንና የሌሊት እንቅልፍ ማጣትን አስቀርቷል። የመውቂያ ማሽንና ኮምባይነርም የሳምንታትን ሥራ በሰዓታት ጨርሰው የምርት ብክነት ቀንሰዋል። ይሁን እንጂ ከድካሙ ጋር አብሮ የሄደ ነገር አለ። ቀድሞ ሰው በዕድሜው አንድ እርከን በወጣ ቁጥር በአዲሱ እርከን ላይ የሚጠብቀው ዜማ ነበር። እረኛው ወደ አውድማ፣ ልጃገረዷ ወደ ወፍጮ ስትሻገር ትናንት የታላላቆች የነበረው ዜማ ዛሬ የእነርሱ ይሆን ነበር። አሁን ሠላሳ ዓመት የሞላው ገበሬ ወደፊት የሚረከበው ዜማ እያነሰ ነው። የቀረው በሃያ ዓመቱ የሰማውን ደግሞ መስማት ነው። በአባትና በልጅ መካከል ያለው የምርጫ ልዩነት ከድሮው የሰፋ መስሎ የሚታየውም ከዚህ የተነሣ ይመስላል። ልጁ አድጎ የአባቱን ዜማ የሚያገኝበት በር ተዘግቷል፤ አባትም ሆነ ልጅ የየራሳቸውን ወጣትነት ብቻ ይዘዋል።

በጎልማሳነት ዘመን ሙዚቃ ራሱ ከቀኑ ውስጥ ቦታው ይጠብባል። በ2013 እ.ኤ.አ ይፋ የሆነና ከ250 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ወጣቶች ለሙዚቃ ከጎልማሶች የበለጠ ዋጋ እንደሚሰጡና ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚያዳምጡ አሳይቷል። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጆች ትምህርት፣ የከተማ ቤት ኪራይ ያለበት ሰው አዲስ ዘፈን የሚፈልግበት ጊዜ የለውም። ሙዚቃ ለእርሱ የአጋጣሚ ነገር ይሆናል፤ የጎረቤት ሠርግ፣ የሚኒባስ ጉዞ፣ የበዓል ዋዜማ። ልጁን ሲድር ግን በዳሱ ውስጥ ከሁሉም ቀድሞ ትከሻውን የሚነቀንቀው እርሱ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ጆሮም የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ይህ ነገር በየቤቱ ባለማወቅ ጠብ ስለሚያስነሣ ሰፋ አድርጎ ማየቱ ይጠቅማል። በእርጅና የሚመጣ የመስማት ድክመት ሁሉንም ድምፅ እኩል አይቀንስም። ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው። በንግግር ውስጥ እንደ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» እና «ጽ» ያሉት ፊደላት የሚለዩት በእነዚሁ ቀጫጭን ድምፆች ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ዘፋኙ እንደሚዘፍን ይሰማሉ፤ ቃሉ ግን ይምታታባቸዋል። ኪቦርድና ከበሮ አንድ ላይ በርትተው ሲገቡበት ደግሞ ጨርሶ ይጠፋባቸዋል። ለአማርኛ አድማጭ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ አንዲት ፊደል ካመለጠችው ወርቁ አመለጠው ማለት ነው።

በዚህ ላይ የእጅ ስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወፍራም ድምፆችን በደንብ ማውጣት አይችልም፤ አብዝቶ የሚያወጣው ቀጭኑን ነው። የልጅ ልጅ በስልኩ የከፈተው ዘፈን አያት ጆሮ ሲደርስ ዝንብ የገባበት ቅል የሚመስለው ለዚህ ነው። ያንኑ ዘፈን ሻል ባለ ሬዲዮ ወይም ድምፅ ማጉያ፣ ድምፁን ሳያስጮኹ ቢያሰሙ ቅሬታው የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ጆሯቸው በድንገት የደከመባቸው፣ ወይም በአንድ በኩል ብቻ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ግን ነገሩን በእርጅና ከማሳበብ ጤና ጣቢያ ቢታዩ ይበጃል።

ሽምግልና ከሥጋዊው ዘፈን ወደ መንፈሳዊው ዜማ የሚሻገሩበት ዘመንም ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ በዐቢይ ጾም ዘፈን ይቆማል፣ ሠርግም አይደገስም፤ የሚሰማው መዝሙርና በገና ነው። ብዙ አዛውንት ጾሙ ካለፈ በኋላም ወደ ዘፈኑ አይመለሱም። በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች ያሉ ሙስሊም አባቶችና እናቶች ደግሞ መንዙማን ያዘወትራሉ። ወጣቶች ይህን ሽግግር ሞትን ከመፍራት ጋር ብቻ ያያይዙታል። ሌላም ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም። ባለ ዐሥር አውታሩ በገና ድምፁ ወፍራም፣ አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፤ የደከመ ጆሮ ይከተለዋል። ቃሉም አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ፊደል ቢያመልጥ ልብ ይሞላዋል።

ሽግግሩ ግን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ አይሄድም። የጎንደር ከንቲባ የነበሩት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1916 ዓ.ም ተወልደው በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላም በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ገና በወጣትነታቸው ያን ሁሉ ትተው መነኮሱ፤ ወሎ በሚገኘው በግሸን ማርያም በባዶ እግራቸው ለዓመታት ኖሩ። ጸጥታውን የመረጡት እኚህ መነኩሲት በኋላ ወደ ፒያኖው ተመለሱ። የተመለሱት ግን በልጅነት የተማሩትን የአውሮፓ ሙዚቃ ለመድገም አልነበረም፤ የአገራቸው ቅኝትና የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚሰማበት የራሳቸውን ድርሰት ይዘው ነው። በኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በመጋቢት 2015 ዓ.ም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ልጅነት፣ ምናኔና እርጅና በአንድ ሰው ጣት ላይ እንዴት እንደተገናኙ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ሕይወት ብዙ አይገኝም።

ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ርቀትም ምርጫን ይለውጣል። ወደ ሳዑዲ ወይም ወደ ቤይሩት ለሥራ የሄደች ወጣት አገር ቤት ሳለች የእናቷን ዘፈን ትንቅ የነበረች ብትሆንም፣ በሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ በስልኳ የምትከፍተው ማሪቱ ለገሰን ሊሆን ይችላል። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የምትሰማው የስድሳ ዓመት ሰው ዜማ ነው።

የወፍጮውና የአውድማው ዜማ ግን በማንም ስልክ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም፤ አብዛኛው በስቱዲዮ አልተቀረጸም። ያለው በሰዎች አእምሮ ነው። አእምሮ ደግሞ ለዜማ ታማኝ ነው፤ የመርሳት ሕመም የያዛቸውና የልጆቻቸውን ስም የሚያምታቱ አረጋውያን በወጣትነት የሚያውቁትን ዘፈን ሲሰሙ ቃሉን ሳያዛንፉ የሚከተሉበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሚያስታምም ቤተሰብ ከላይ የተጠቀሰውን ስሌት ቢጠቀምበት መልካም ነው፤ ከታማሚው የትውልድ ዘመን ላይ 15 እና 25 ደምሮ በእነዚያ ዓመታት መካከል የሚሰማውን ዘፈን መፈለግ።

የአያትን ዜማ ለማስቀረት የፈለገ ወጣት የሚያስፈልገው መሣሪያ በኪሱ አለ። ስልኩን ከነፋስ ከልሎ፣ ከአያት አንድ ክንድ ያህል አርቆ ማስቀመጥ ይበቃል። የሚያስቸግረው አጠያየቁ ነው። «እስቲ የድሮ ዘፈን ይዝፈኑልን» የተባሉ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ረስቻለሁ ይላሉ፤ እውነትም በዚያ ሰዓት አይመጣላቸውም፤ የሥራ ዜማ ከሥራው ተለይቶ ታውሶ አያውቅምና። ይልቅ ጥያቄው የበሬያቸው ስም ማን እንደነበር፣ ጤፍ ሲወቃ ከፊት ማን ይነዳ እንደነበር ቢሆን ይሻላል። ጅራፉም ከተሰቀለበት ወርዶ በእጃቸው ይሰጣቸው። ሴት አያት ከሆኑ ከጓሮ የተጣለውን መጅ አጥቦ ማቅረብ ነው። መጁን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ሲሉት ዜማው ይመጣል፤ ቀረጻው ከዚያ በፊት መጀመሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።